ሁዳዴን ጾሜ የወፈርኩ ጊዜ

ሰው በጾም ይከሳል፤ እኔ በዚያ ዓመት በሁዳዴ ስድስት ኪሎ ጨመርኩ። ዘመኑ ደግሞ ለመወፈር የሚመች አልነበረም። ደርግ ነው፤ ስኳር በቀበሌ ካርድ ይታደላል፤ ዘይት መጣ የተባለ ቀን ሰው ድንጋይና ጣሳ ደርድሮ ወረፋ ይይዛል። በዚህ መሀል እኔ ዘይት እንደነገሩ ጠብ ያለበት ሽሮ እየበላሁ ጉንጬ እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ አለ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ አርግዤ ነበር። ግን ይህችን ቃል ከአፌ ላላወጣት ምዬ ነበር።

መሐላው እንዲህ ነው የመጣው። ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሳረግዝ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ያላወራሁለት ሰው የለም። ለአማቴ፣ ለጎረቤት፣ ቦኖ ውሃ ላይ ለተሰለፉት ሴቶች፣ አንድ ቀን እንዲያውም አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ለማላውቀው ሰውዬ ነገርኩት። ሰውየው «እሰይ» አለና ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። በሦስተኛው ወር ጨነገፈብኝ። ሁለተኛውን ለባሌ ብቻ ነገርኩት። ባሌ አፉን ይጠብቃል፤ ፊቱ ግን ምስጢር አይችልም። መንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ እያለ ሲሄድ ያየው ሁሉ ገባውና ሴቶቹ ሆዴን እያዩ «እንኳን ደስ አለሽ» ይሉኝ ጀመር። አራተኛው ወር ሳያልቅ ያም ሄደ።

ሐኪም ቤት «አንዳንዴ ያጋጥማል፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አሉኝ። እኔ ግን ጥፋተኛውን አግኝቼዋለሁ፤ አፌ ነው። ተናገርኩ፣ አጣሁት። ደግሜ ተናገርኩ፣ ደግሜ አጣሁት። ከሁለተኛው በኋላ ያለቀስኩትን ለቅሶ እዚህ አልጽፈውም፤ ብቻ ሦስተኛ ጊዜ የምችለው አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ሦስተኛው ሲመጣ ለራሴ ማልኩ፤ ልጁ ሆዴ ውስጥ ተንቀሳቅሶ መኖሩን እስኪነግረኝ ድረስ ለማንም አልናገርም፤ ለባሌም ቢሆን። ያለፉት ሁለቱ እስከዚያ አልደረሱም። ይሄኛው ከደረሰ ያኔ እናገራለሁ። እስከዚያው የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ «ወፈርኩ» ነው።

እኔ ማልኩ እንጂ ሆዴ አልማለም። ጠዋት ስነሳ ይርበኛል፤ በልቼ ሳልጨርስ ይርበኛል፤ ሰው ሲበላ ሳይ ከሰውየው ጋር የተጣላሁ ያህል ደሜ ይፈላል። ነፍሰ ጡር ከጾም ነጻ መሆኗን አላጣሁትም። ነገር ግን ጾም የገደፈች ሴት ለምን እንደገደፈች ትጠየቃለች፤ ስለዚህ እንደ ሰው ሁሉ ጾምኩ። ሥጋና ቅቤ አልነካሁም፤ የቀረውን ግን አንዱንም አላስተረፍኩም። የምሠራበት ፋብሪካ ክበብ ውስጥ የራሴን ምሳ ጨርሼ ጓደኞቼ የተዉትን እጠርጋለሁ። አንዷ «ሳህኑን እንኳ ተይልን፣ የሕዝብ ንብረት ነው» ብላኝ ሁሉም ሲስቅ እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እንባውማ አይጣል ነው። የዛሬ ሐኪሞች ሆርሞን ይሉታል። ያኔ በእኛ ቤት ስሙ አመል ነበር። ሬዲዮው አንድ ቀን በማላውቀው አገር ያሉ የማላውቃቸው ገበሬዎች ከዕቅዳቸው በላይ ጤፍ ማምረታቸውን ሲናገር በደስታ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ የጎረቤቴ ዶሮ ታሽሟጥጠኛለች ብዬ ከዶሮዋ ጋር ተኳረፍኩ፤ ስታልፍ ፊቴን አዞርባታለሁ። ከሁሉ የከፋው ስብሰባ ላይ የደረሰብኝ ነው። ለሰማዕታት የሕሊና ጸሎት ተብሎ አዳራሹ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ዝንብ እንኳ በማይሰማበት ሰዓት ግሳት መጣብኝ። ትንሽ ብትሆን ባልከፋ፤ የመጣችው ግን በሬ የዋጠ ሰው የሚያወጣት ዓይነት ናት። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ አስቀረሁ ስል ሳቄ ደረሰ፣ ሳቄን ስውጥ እንባዬ መጣ። ጸሎቱ ሲያበቃ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ፣ የሞተብሽ ሰው አለ መሰል» አሉኝ።

ባሌ መካኒክ ነው። አቃቂ በሰቃ ሰፈር ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ ካለ አንድ ጋራዥ ይሠራል፤ የጭነት መኪና ካምቢዮ ሲፈታ ውሎ ማታ ናፍጣና ግራሶ ለብሶ ይመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ታጠብ እንጂ፣ አንሶላውን ጨረስከው» ስለው ኖሬያለሁ። በዚያ ሰሞን ግን የናፍጣ ሽታ አማረኝ። አምሮት ሲባል ሰው ወይ ጎመን ያምረዋል፣ ወይ ቆሎ። እኔን ያማረኝ ቱታው ነው። በሩን ገና ሳይዘጋው ትከሻው ላይ አፍንጫዬን ቀብሬ እስብ ጀመር። እሱ ምስኪን ፍቅር መሰለው። «ዘንድሮስ ተለወጥሽ» እያለ ጎምለል ማለት አበዛ።

አንድ ቅዳሜ ሳሙና ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ከእግር እስከ ራሱ ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወዲያው አፍንጫዬን ይዤ ፊቴን አዞርኩበት።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ሸተትከኝ።»

«እንዴ! አሁን ነው እኮ የታጠብኩት!»

«እሱ ነዋ የሸተተኝ።»

 ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከፊቴ ወደ ወገቤ፣ ከወገቤ ወደ ፊቴ። ከዚያ ተነስቶ ወጣና ቱታውን ለብሶ ተመለሰ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መታጠብ ተወ። እራት በቱታ ይበላል። አንድ ቀን እንዲያውም ናፍጣ የጠጣ ጨርቅ ይዞ መጥቶ ትራሴ አጠገብ አስቀመጠና «ትኋን ያባርራል» አለኝ። ትኋን አልነበረንም። እኔ ግን ጨርቁን በማግኘቴ ደስ ስላለኝ አልጠየቅሁትም። ደግሞ መንገድ ላይ ፊቱን አጨማዶ፣ ሰው የሰደበው መስሎ ይሄድ ጀመር። ሰፈሩ ተጣልተዋል ብሎ አወራብን። እሱም እንደኔ ምሎ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ባሌን ሳይቀር ሸወድኩት ብዬ በብልጠቴ እኮራ ነበር።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ። የምሠራው እዚያው አቃቂ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ፣ ማጠንጠኛ ክፍል ነበር። ያኔ ሸማኔው ክር አጥቶ እጁን አጣጥፎ የሚውልበት ጊዜ ስለነበር ክር ይሰረቃል። አሰራረቁ ቀላል ነው፤ ክሩን በሆድ ዙሪያ ጠምጥሞ ከላይ ጋዎን መልበስ። ስለዚህ ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ እንፈተሻለን። ሴቶችን የሚፈትሹት አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። እጃቸው አይሳሳትም። አንድ ጊዜ ከአንዲት ሴት ወገብ የክር ጫፍ አግኝተው መሳብ ሲጀምሩ ሴትዮዋ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች፣ እየቀጠነች እየቀጠነች ሄደች። ክሩ ሲያልቅ ራሷን አዙሯት የበሩ ዘበኛ ላይ ወደቀች። ዘበኛው ከድንጋጤው የተነሳ ይዟት ቁጭ አለ።

የካቲት መጨረሻ ላይ እትዬ ሲፈትሹኝ እጃቸው ሆዴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

«እለፊ» አሉኝ።

በማግሥቱ ሆዴ ጋ ሲደርሱ በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አሉ። ለሌላ ሰው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሌላውን ሁሉ ቡራ ከረዩ እያሉ ሲፈትሹ እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ይለሰልሳል፣ «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ «እለፊ» ይላሉ። ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔም ምንም አልነገርኳቸውም።

ሁላችንም እንዲህ ተስማምተን በኖርን ነበር፤ የፋብሪካው ካድሬ ባይገባበት። ካድሬው ክፉ ልጅ አልነበረም። ቀጭን፣ ሁለት ሸሚዝ ብቻ ያለው፣ ያነበበውን ሁሉ ያመነ ወጣት ነው። ሚስት የለውም፤ እህትም ያለው አይመስልም። ሐሙስ ሐሙስ ክበቡ ውስጥ ሰብስቦ ያስተምረናል። ክር መጥፋቱ ግን እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ በሩ ላይ ቆሞ ወጪውን ሁሉ ሲመለከት ዓይኑ ወገቤ ላይ አረፈ።

«ጓድ፣ ክሩ እየቀነሰ ነው፤ አንቺ ደግሞ እየጨመርሽ ነው። በመካከላቸው ግንኙነት የለም ትያለሽ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን በልተሽ ነው?»

«ሽሮ።»

«ሁላችንም ሽሮ ነው የምንበላው» አለና የራሱን ቀበቶ አየ። በሚስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የበሳበት ቀበቶ ነው።

እትዬ መሀል ገቡ። «ስብ ነው ጓድ። በእጄ የማውቀው ነገር ነው። ወላሂ ክር አይደለም።»

«መሐላ ሳይንሳዊ አይደለም። ይሄ ስብ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ የንዑስ ከበርቴ አኗኗር ምልክት ነው።»

የጥጥ እስር የሚመዝኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባስኩላቸው ከበሩ አጠገብ ስለሆነ የሚወራው አያመልጣቸውም። ወገቤን ከፊትም ከኋላም አየት አደረጉና «ኧረ ጓድ፣ ይሄስ ንዑስ አይመስልም» አሉ። ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

አንዲት ቃል ብናገር የሚያበቃ ነገር ነበር። ቃሏ ምላሴ ላይ ቆማለች። ካልተናገርኩ በሕዝብ ንብረት ሌብነት ልታሰር እችላለሁ፤ በዚያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ከተናገርኩ ግን እንደ ሁለቱ ሊሄድብኝ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሌባ ብባል ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ካድሬው ዝምታዬን አይቶ ብዙ አሰበና መፍትሔ አገኘ። «ሳይንስ ይፍረድ» አለ። በየቀኑ ጠዋት ስገባና ማታ ስወጣ ባስኩላው ላይ ልመዘን ነው። ስወጣ ከጨመርኩ ክር ይዣለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ሁለት መቶ ሠራተኛ ፊት የጥጥ እስር መመዘኛ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌው ተንሸራታቿን ብረት ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አድርገው «ስልሳ አንድ!» ብለው እንደ ልማዳቸው ጮኹ። ጥጥ ሲመዝኑ የሚጮኹት በዚያው ድምፅ ነው። ማታ ስወጣ «ስልሳ ሁለት!» አሉ። ካድሬው ዓይኑ በራ። እትዬ ፈተሹኝ፤ ምንም የለም። ደግመው ፈተሹኝ፤ ምንም።

«አንድ ኪሎው የት ገባ?» አለ ካድሬው።

«ምሳ በልቻለሁ።»

«የምን ምሳ ነው አንድ ኪሎ?»

«የሁለት ሰው» አሉ ከሰልፉ፣ ሁሉም ባንድ አፍ።

ከዚያ ወዲያ ከምሳ በፊትና በኋላም እንድመዘን ተወሰነ። በቀን አራት ጊዜ መሆኑ ነው። እኔም ለመድኩት፤ ሽማግሌውም ለመዱኝ፤ ስወጣ ስወርድ ክንዴን ይይዙልኛል። ከሳምንት በኋላ ከካድሬው በቀር ሁሉም ሰው የሰለቸው ሲመስል ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ፤ ጠዋት ስልሳ ሦስት ሆኜ ገብቼ ማታ ስልሳ ሁለት ሆኜ ወጣሁ።

ካድሬው ደነገጠ። «ቀነሰች! ፋብሪካው ውስጥ ምን ትታ ነው የወጣችው?» አለ። የተተወ ነገር ካለ አሻጥር ሊሆን ይችላል ተብሎ ሁለት ዘበኞች ማጠንጠኛ ክፍሉንና ግቢውን አገላብጠው ፈተሹ። እኔ የት እንደተውኩት አውቃለሁ። ከመጸዳጃው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ነው፤ የምሳው ምስር በሙሉ። አንደኛው ዘበኛ አገኘውና አፍንጫውን ይዞ ተመልሶ «የጠላት እጅ የለበትም ጓድ» ብሎ ሪፖርት አደረገ።

ካድሬው ግን ተስፋ አልቆረጠም። የጠዋት የጠዋቱን ክብደቴን በወረቀት ላይ በነጥብ አድርጎ፣ ነጥቦቹን በቀይ መስመር አገናኝቶ የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጠፈው። መስመሩ ከግራ ታች ተነስቶ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። አጠገቡ የተለጠፈው የምርት ዕቅዳችን መስመር ወደ ታች የሚወርድ ስለነበር የእኔው ብቻ ነበር ተስፋ የሚሰጥ። የማጠንጠኛ ክፍል ሴቶች በየሰኞው ፊት ለፊቱ ቆመው ያዩታል። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ ይጠቃቀሳሉ፤ ምንም ሳይሉ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

በዚያው ሰሞን የማነሳው የክር ሣጥን እኔ ሳልደርስ ተነስቶ አገኘው ጀመር። ማሽኔ ሥር በርጩማ ተቀመጠልኝ። ክበቡ ውስጥ ወጥ የምታወጣው ሴት ለኔ ሲሆን ጭልፋዋን ሁለቴ ትነክራለች። ሌባ ስለተባልኩ አዝነውልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ባሌን ሸወድኩ፣ ፋብሪካውን ሸወድኩ፤ ከኔ በላይ ምስጢር ጠባቂ በኢትዮጵያ የለም ብዬ ነበር የማምነው።

ግንቦት ገባ። አንድ ሐሙስ ካድሬው ስለ ለውጥ ሕግ ሲያስተምረን እንዲህ አለ፤ «ውሃ ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ይሞቃል፤ ግን ያው ውሃ ነው። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን እንፋሎት ይሆናል። መጠናዊ ለውጥ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ ተሸጋገረ እንላለን። ከኑሯችን ምሳሌ የሚሰጥ ጓድ?»

 ሽማግሌው መዛኝ እጃቸውን አወጡና ግድግዳው ላይ ወዳለው ወደ እኔ መስመር ጠቆሙ። «ይቺ» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ካድሬው ኮስተር ብሎ «ጥሩ ምሳሌ ነው» አለ። «መጠናዊ ለውጡን ሁላችንም እያየነው ነው። ጥያቄው፣ ዓይነታዊ ለውጡ መቼ ይከሰታል?»

ከኋላ ከእኛ ክፍል ሴቶች አንዷ «ለመስቀል ሳይደርስ አይቀርም» አለች።

ካድሬው ደብተሩ ላይ ጻፈው። «በምን ስሌት?»

«በጣት» አለች።

ክበቡ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ጋዎኔን ሆዴ ላይ ሳብ አደረግሁ። ያወቁት ዛሬ አይደለም፤ ከርመዋል። እኔ አፌን ዘግቼ ሆዴ በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ሲያወራ ነበር። ሳጥኑ፣ በርጩማው፣ ጭልፋው አንድ በአንድ ታወሱኝና ማመስገን ሲገባኝ ተናደድኩባቸው። ያላወራሁት ወሬ ያለ እኔ ተወርቶ አልቋል፤ አሁን ሊሄድብኝ ነው አልኩ። አራተኛውን ወር አልፌያለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን እስካሁን ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልወርድ አለኝ። ያ ሁሉ ረሃብ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ባሌ ቱታውን ቢያቀርብልኝ እንኳ ሽታው አልመጣልኝም፤ እሱም ይህን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ባስኩላው ላይ ወጣሁ። ሽማግሌው ብረቷን ገፉ፣ መለሱ፣ ደግሞ ገፉ። የዚያን ቀን አልጮኹም።

«ስንት ነው?» አለ ካድሬው።

«ቀንሳለች» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ኪሎ።»

«እሰይ! ጥሩ እርምት ነው» አለ ካድሬው፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነበር።

ማንም አልሳቀም። የክፍሌ ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ከመፈተሻቸው ወጥተው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እኔ ሽቅብ ሲወጣ የከረመው ቀይ መስመር ታየኝ፤ ዛሬ ወደ ታች ሊታጠፍ ነው። ሦስተኛውም ሄደ አልኩ በሆዴ። ከባስኩላው ልወርድ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«ይሄ ባስኩላ አንዳንዴ ይስታል» አሉ ሽማግሌው። ሃያ ዓመት ሙሉ «የኔ ባስኩላ አይስትም» እያሉ ሲምሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «እስቲ ልድገመው። ዝም ብለሽ ቁሚልኝ።»

ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። የባስኩላው ክንድ ቀስ ብሎ መሀል ላይ ሊረጋ ሲል ከእምብርቴ በታች፣ ጨርቅ ሥር እንደ ገባች ጫጩት፣ የሆነ ነገር ተፈራገጠ። ዘለልኩ። ክንዱ ቋ አለ።

«ኧረ አትንቀሳቀሺ!»

«አልተንቀሳቀስኩም።»

ደግሞ መጣ። አሁንስ ከውስጥ ገፋኝ፣ በግልጽ። የባስኩላው ክንድ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል።

«ይሄው እየተወዛወዝሽ እኮ ነው! እንዴት ብዬ ልመዝንሽ?»

«እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ታዲያ ማነው?» አለ ካድሬው።

 ከእሱ በቀር እዚያ የቆመው ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ ሁሉም ግን አፉን ዘግቶ እኔን ያያል። ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በጣት ቆጥረዋል፣ ተጠቃቅሰዋል፣ ቀልደዋል፤ ቃሏን ግን አንድም ሰው አልነካብኝም። ለኔ ትተውልኛል።

«ልጄ ነው» አልኩ።

ድምፄ ሻክሮና ከመጠን በላይ ጮሆ ወጣ። ወዲያው ፈራሁ። ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ፣ ስናገር የሚመጣብኝን ነገር ጠበቅሁ። ሴቶቹም ከኔ ጋር ጠበቁ። ካድሬው ደብተሩን ይዞ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ጆሮው ብቻ ቀስ በቀስ ቀላ። ምንም አልመጣም። ከዚያ ከውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ረገጠኝ፤ ከፊተኛው ጠንከር አድርጎ።

«ልጄ ነው» አልኩ ደግሜ። «ልጄ ነው፤ ልጄ እኮ ነው!» እያልኩ ባስኩላው ላይ ቆሜ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፤ ማቆም አቃተኝ። ሽማግሌው መዛኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረግ አደረጉና «እሺ፣ ሰምተናል» አሉኝ። «አሁን ውረጂልኝ፤ ጥጥ ልመዝን ነው።»